የከበበው እጅ

ጉርሻው ከከበበው አፍ ሳይደርስ የሰፈሩ ነርስ ስርጉት የጫላቸውን ክንድ አየር ላይ ያዘችው።

«ምነው ሲስተር? ጓደኛዬን ላጉርሰው እንጂ ልመታው አይደለም እኮ!»

ጫላቸው ከጋላፊ ድንበር ሲነዳ አድሮ፣ ተሳቢውን ወደብ አቁሞ፣ ላቡ ሳይደርቅ ወደ አርሂባ ሰፈር የመጣ ሾፌር ነው። የጠቀለለው ጉርሻ እንኳን ታማሚ ጤነኛም ያንቃል። ስርጉትን ያስደነገጣት ግን መጠኑ አልነበረም። ትናንት የከበበው ሚስት ቡርቱካን ያጎረሰችው ኢምንት ነገር እንኳ ከበበውን ትን ብሎት ፊቱ ጠቁሮ ነበር።

ከበበው መኪናው ተገልብጦበት፣ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ውስጥ በማሽን ሲተነፍስ ከርሞ ነው የተረፈው። ያን የሚያህል ተሳቢ እንደ ብስክሌት ያዞር የነበረ ሰውዬ አሁን ማንኪያ ይከብደዋል። የመተንፈሻው ቱቦ የላጠው ጉሮሮ መዋጥም መናገርም ረስቷል። ቡርቱካን ታጥበዋለች፣ ታለብሰዋለች፣ ታጎርሰዋለች፤ አንጀቷ አልችል እያለ እጁን እንዲያነሳ እንኳ አትፈቅድለትም።

በሩ አጠገብ ኻሊዳ ቆማለች። ያኔ ማሽኑ ሥር ያስታመመችው እሷ ነበረች፤ አሁን የሰፈር ነርሶች እንደሱ ያሉትን በየቤታቸው እንዲንከባከቡ ታሠለጥናለች። ከትምህርቷ ሁሉ ስርጉትን ያስቸገራት አንዱ ነው፦ በሽተኛው ራሱ ሲሞክር የነርስ እጅ ከጀርባዋ ይሁን። ስርጉት ደግሞ ከአፏ እጇ የሚቀድም ሴት ናት።

«አሎር፣ እንግዲህ» አለች ኻሊዳ። «ዛሬ በራሱ እጅ በልቶ በደህና ከዋጠ፣ እዚሁ ቤቱ ይሰነብታል። ካልሆነ ወደ ሆስፒታል ይመለሳል፤ ምግቡም በአፍንጫው በቱቦ ይሆናል።»

ቱቦ ሲባል ከበበው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ደግፈው ቀጥ አድርገው አስቀመጡት። በእርጎ የራሰ ፍትፍት ፊቱ ቀረበ። ወደቡ ላይ መርከብ ጮኸና ዝም አለ።

«ትንሽ ብቻ ያንሱ ጋሽ ከበበው» አለች ስርጉት። «አገጭዎን ዝቅ ያድርጉ፣ ከዚያ ቀስ ብለው ይዋጡ።»

እጁ ተነሳ። ደረቱ ጋ ሲደርስ ተንቀጥቅጦ ፍትፍቱ ጭኑ ላይ ፈሰሰ። የቡርቱካን እጅ ተወረወረ፤ ስርጉት ቀድማ ያዘቻትና የሁለቱንም እጅ አንድ ላይ ወደ ጀርባቸው ወሰደችው። ቡርቱካን የስርጉትን ጣቶች እስኪያማት ጨመቀች። ይህን ያየ ጫላቸው እሱም እንደ ተያዘ ሌባ እጁን ወደ ኋላ አደረገ።

የከበበው እጅ እንደገና ተነሳ። ደረቱን አለፈ፣ አገጩ ጋ ቆመ፣ አፉ ገባ። አገጩን ዝቅ አደረገ። የአራቱም ዓይን ማንቁርቱ ላይ ተተከለ። ማንቁርቱ ወደ ላይ ወጣ፣ ቆየ፣ ወረደ። ሳል አልመጣም።

ስርጉት ስንት ሕፃን አዋልዳለች፤ እንዲህ ያለ ነገር ግን አይታ አታውቅም። አንድ ሰው ዋጠ። ኻሊዳ፣ በማሽን ሲተነፍስ እንጂ ሲበላ አይታው የማታውቀው ኻሊዳ፣ በሻሿ ጫፍ አፏን ይዛ «ያ አላህ» አለች።

እጁ ለሦስተኛ ጊዜ ወደ ሳህኑ ወረደ። በዝግታ ጠቀለለ፣ ተነሳ፣ አገጩ ጋ ደረሰ፤ አልቆመም። ስርጉት ደከመው ብላ ልትደግፈው ነበር፤ የራሷን እጅ በራሷ ያዘች። እጁ ግማሹን መንገድ ላይ እያፈሰሰ፣ ወደ ቡርቱካን ሄደ።

ቡርቱካን እጇን ከጀርባዋ ሳታነሳ ጎንበስ ብላ አፏን ከፈተች።

ጎረሰች። ግን መዋጥ አቃታት፤ እንባዋ እየወረደ ጉንጯ እንደተሞላ ቀረች።

ከበበው አያት። ከዚያ፣ ከአደጋው ወዲህ ማንም ባልሰማው በዚያ በተሻከረ ድምፁ፦

«አገጭሽን ዝቅ አድርጊ» አላት። «ቀስ ብለሽ ዋጪ።»