የልብ ጥንዚዛ

ተክለጻድቅ በኦክላንድ ወደብ ኮንቴይነር ሲጎትት ማንንም አይፈራም። ሳን ሆዜ፣ ከጽገረዳ ልብስ ስፌት ቤት ሲገባ ግን ምላሱ ይተሳሰርበታል። ባሏ ከሞተ ወዲህ ብቻዋን የምትኖረውን ይህችን ሴት ይወዳታል። ይህን ሳይነግራት ሱሪ ላሳጥር እያለ ዓመት ሙሉ ሲመላለስ የሚያጥር ሱሪ አለቀበት፤ ከእንግዲህ የቀረው በቁምጣ ወደብ መግባት ነው።

ሽማግሌ እንዳይልክባት፣ ሽማግሌው እሱ ራሱ ሆኗል። በዚህ ዕድሜው ጎረምሶችን ሰብስቦ “ሂዱና ለምኑልኝ” ሊል ነው? ስለዚህ ቅዳሜ ዕለት እዚያው ሳን ሆዜ ካለው የግብፅ ሙዚየም ሱቅ ገባና፣ በጥንት ግብፆች ክታብ አምሳል የተቀረጸች አረንጓዴ የድንጋይ ጥንዚዛ ገዛ። ሣጥኗ ላይ “የልብ ጥንዚዛ” ይላል። ልብ የሚለውን ካየ በኋላ የቀረውን ማንበብ አላስፈለገውም። ልብ ካለ ፍቅር አለ ብሎ ደመደመ፤ በራሱ ብልህነትም መንገዱን ሙሉ ሲኮራ መጣ።

ጽገረዳ መነጽሯን አድርጋ ጥንዚዛዋን አገላበጠች።

“ተክሌ፣ ይሄ እበት የሚያንከባልለው አይደለም እንዴ?”

“እሱ እንኳ... ለእነሱ የፀሐይ ምልክት ነው” አለ ላብ እያጠመቀው።

ሣጥኑ ውስጥ የነበረችውን ካርድ አወጣችና ወደ አማርኛ እየመለሰች አነበበችለት። “ሬሳ ደረት ላይ ነው የሚቀመጠው። ሟቹ ለፍርድ ሲቀርብ ልቡ እንዳይመሰክርበት። ከሆዷ ሥር ‘ልቤ ሆይ፣ አትመስክርብኝ’ ተብሎ ይቀረጻል።”

ተክለጻድቅ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው በወደደ። ሴት ሊጠይቅ መጥቶ የሬሳ ዕቃ አስታቀፋት። ከፈርዖን ዘመን ጀምሮ እንዲህ ያለ ጅል የተፈጠረ አልመሰለውም።

“ሶሪ ጽጌ፣ ለሱቁ ሪተርን አደርገዋለሁ።”

ጽገረዳ ግን ጥንዚዛዋን ሣጥኑ ውስጥ መልሳ ክዳኑን ገጠመች።

“እሷ እዚሁ ተዘግታ ትቀመጥ። አንተ ተናገር። ዓመት ሙሉ ሱሪ የቆረጥኩልህ ልብህ እስኪመሰክር ብዬ ነው።”

ተክለጻድቅ ዓይኑን ወደ እግሩ ጣለ። ካጠረው ሱሪ ሥር ካልሲው እስከ ጫፉ ይታያል።

“ብቻዬን ራት መብላት ሰልችቶኛል” አለ። “ካንቺ ጋር መብላት ነው የምፈልገው።”

ጽገረዳ መነጽሯን አወለቀች።

“እሑድ ማታ እኔ ቤት ና። ደግሞ ሱሪ ይዘህ እንዳትመጣ።”