የከረረ ትርታ

እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2011 ዓ.ም. በግንቦት ወር፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ በአንድ አነስተኛ የቻይና ሕክምና ትምህርት ቤት ፎቅ ላይ የነበርነው እነዚህ ነን፤ ተፈታኟ ጸዳለ፣ ፈታኟ ሚስስ ጓን፣ ሚስተር ካርል የሚባሉ ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሾፌር፣ ሌሎች ተማሪዎች፣ እናቴ ተናኘና እኔ ብርሃኔ። ጸዳለ የታላቅ ወንድሜ የዓብዩ ሚስት ናት። ዓብዩም በዚያ ጠዋት አብሮን መጥቷል። ነገር ግን እሱ ታች ታክሲው ውስጥ ነበር፤ ለምን እዚያ እንደ ቀረ ኋላ እናገራለሁ።

ፈተናው የደም ሥር ትርታ ማንበብ ነው። በቻይናዎቹ ሕክምና ሐኪሙ ሦስት ጣቶቹን በሰው የእጅ አንጓ ላይ ያሳርፋል። ስንት ጊዜ እንደ መታ ብቻ አይቆጥርም። ላይ ላዩን ነው ወይስ ጠልቆ፣ ቀጭን ነው ወይስ ወፍራም፣ እየተንከባለለ ነው የሚያልፈው ወይስ እየተንገጫገጨ፣ ይህን ሁሉ በጣቱ ይሰማል። ለእያንዳንዱም ስም አለው። ጸዳለ ጠዋት አሌክሳንድሪያ ከተማ ባለ ሆቴል ክፍል ስታጸዳ አርፍዳ፣ ከሰዓት በኋላ በሜትሮ ባቡር እዚህ ድረስ እየመጣች የተማረችው ይህንን ነው። ታኅሣሥ ላይ ተፈትና ወድቃለች። ትምህርት ቤቱ የሚፈቅደው አንድ ድጋሚ ብቻ ነው። ዛሬም ከወደቀች በሽተኛ እያዩ ወደሚማሩበት ክሊኒክ አትገባም፤ የእስከ ዛሬው ልፋቷም እዚያው ላይ ያበቃል።

ታኅሣሥ ላይ የጣላት አንድ ቃል ነው። ከትርታዎቹ አንዱ በእንግሊዝኛ «ዋይሪ» ይባላል። ዋየር ማለት የኤሌክትሪክ ገመድ መሆኑን ጸዳለ ከአዲስ አበባ ጀምራ ታውቃለች። ስለዚህ ዋይሪ የሚባለው ትርታ የሚነዝር መሰላት። በፈተናው ዕለት የአንዲት ሴትዮ እጅ ላይ ጣቶቿን አሳርፋ እስኪነዝራት ድረስ ጠበቀች። አልነዘራትም። «ደህና ናቸው፤ ምንም የለባቸውም» ብላ መለሰች። የሴትዮዋ ትርታ ግን ከዳር እስከ ዳር ዋይሪ ነበር።

«እኔን ብትጠይቂኝ እኮ እነግርሽ ነበር» አላት ዓብዩ፣ ማታ ቤት ስትገባ። «ሰው ሶኬት አይደለም።»

ኤርፖርት ተራ የሚጠብቁ የታክሲ ጓደኞቹ ደግሞ እሱን የወጌሻዋ ባል ይሉት ጀመር። «ቻይና አገር ቤት መንገዱን ሠርታ ጨርሳ፣ አሁን ደግሞ ሚስትህን ልትሠራልህ ነው?» ይሉታል። እሱ አብሯቸው ይሥቃል። እሷ ግን ስትሰማ መጽሐፏን ይበልጥ አጥብቃ ትይዛለች።

ጥምቀት ካለፈ በኋላ እናቴ ከደብረ ብርሃን መጣች። ሻንጣዋ ውስጥ በርበሬ ይኖራል ብለን ስንከፍተው ባዘቶ ጥጥና እንዝርት አገኘን። «እጄን አጣምሬ ልቀመጥላችሁ ኖሯል?» አለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ አፓርታማችን መስኮት ሥር ተቀምጣ፣ የመኪና ማቆሚያውን ቁልቁል እያየች መፍተል ሆነ ሥራዋ።

ጸዳለ ማታ ስትመለስ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ «ብሬ፣ እጅህን» ትለኛለች። እኔም እሰጣታለሁ። ዓይኖቿን ጨፍና ትይዘኛለች፣ ትለቀኛለች፣ እንደገና ትይዘኛለች። እናቴ ይህን ስታይ ቆይታ አንድ ቀን አላስቻላትም።

«ለመሆኑ ልጄ እጁ ላይ ምን ጠፍቶብሽ ነው?»

«ዋየር ነው እማማ» አለች ጸዳለ።

«ሰው ውስጥ?»

«መጽሐፉ ነው እንዲህ የሚለው። ቀጥ ያለ፣ የተወጠረ፣ ሲጫኑት ከጣት ሥር የማይሸሽ ነው ይላል። እኔ ግን ይኸው አጣሁት።»

«እሱማ ድር ነው» አለች እናቴ፤ እንዝርቷን እንኳ አላቆመችም። «ማግ ሲሆን ላላ አድርገሽ ትፈትይዋለሽ፤ ሲነኩት እሺ ይላል። ድር ሲሆን ግን ይከርራል። ካልከረረ ሸማኔው ይመልስብሻል። ነይ እስቲ ወዲህ።»

አንዱን ክር በጥርሷና በእጇ ወጥራ ያዘችላት። ጸዳለ ሦስት ጣቶቿን አሳረፈችበት። ከዚያ ሌላውን፣ የላላውን ያዘችላት። ጸዳለ አንዴ በዚህ አንዴ በዚያ ስትል ቆየችና ድንገት ክሩን ትታ የእናቴን እጅ ያዘች።

«እማማ! እርስዎም ከርረዋል!»

«ታዲያ ፎቅ ላይ ቆልፋችሁብኝ ልላላ ኖሯል?»

ጸዳለ እስኪያንቃት ሣቀች። ቀጥላ ወደ እኔ ዞራ እጄን ያዘችና «አንተ ማግ ነህ» አለችኝ። ዓብዩ ሲገባም ኮቱን ሳያወልቅ ያዘችው። ከዚያ በኋላ መጽሐፉን በእናቴ ቋንቋ ታነበው ጀመር። «ቾፒ» የሚባለውን ሌላ ትርታ እንደ ሽንኩርት የተከተፈ ነው ብላ ታስብ ነበር፤ አሁን ጉጥ ጉጥ ያለበት ፈትል ሆነላት። ቀጭኑ ትርታ ቀጭን ክር ሆነ። የቸገራት ነገር ቢኖር አንድ ነው። ጣቷ ላይ ቶሎ የሚመጣላት አማርኛው ሆነና እንግሊዝኛው ወደ ኋላ ይቀር ጀመር።

የፈተናው ቀን ዓብዩ በታክሲው ይዞን መጣ። እያንዳንዱ ተማሪ ትርታቸው የሚነካ ሁለት ሰዎች ይዞ እንዲመጣ ታዝዟል፤ እዚያ ሲደርስ ሰዎቹ ይቀያየራሉ። የጸዳለ ሁለት ሰዎች እናቴና እኔ ነን። ጸዳለን በሩ ላይ አውርደን ፓርኪንግ ስንፈልግ አንድ ባዶ ቦታ አገኘን። አንድ ትልቅ ሰው አሮጌ መኪና ውስጥ ሆነው፣ ፍሬቻ አብርተው ያንኑ ቦታ ይጠብቃሉ። ዓብዩ ሾልኮ ገባበት።

ሰውዬው ወርደው መጡ። «ልጄ፣ እኔ እየጠበቅሁ ነበር» አሉት በእንግሊዝኛ።

«ስምዎ ተጽፎበታል?» አላቸው ዓብዩ።

ከዚያ ተጋጋለ። ዓብዩ እንግሊዝኛው ሲያልቅበት በአማርኛ ቀጠለ። እናቴ ከኋላ ወንበር «ኧረ ተው አንተ፣ አባትህ ይሆናሉ!» ስትል አልሰማትም። እኔ ጫማዬን እያየሁ ነበር። ሰውዬው እጃቸውን አወናጭፈው ሄዱ። ዓብዩም ተመልሰው እንዳይቀሙት ብሎ ታክሲው ውስጥ ቀረ። እኔና እናቴ ወደ ላይ ወጣን።

መጀመሪያ የተጠራሁት እኔ ነኝ። አንዲት ተማሪ ልጅ እጄን ትንሽ ትራስ ላይ አስቀምጣ ያዘችው። ጣቶቿ ለስላሳ ነበሩ። ልቤ ጆሮዬ ድረስ ይመታ ጀመር። ልጅቱ «ፈጣን ነው» አለች። ሚስስ ጓን መጥተው ያዙኝ። ሸበቶ፣ አጭር ሴት ናቸው። ልጅቱን አዩ፣ እኔን አዩ። «ሁልጊዜ እንዲህ ነው ወይስ አሁን ብቻ?» ብለው ጠየቁኝ።

ቀጥሎ ጸዳለ ተጠራች። የደረሷትም ሰው ገብተው ተቀመጡ። ሳያቸው ደነገጥሁ። የፓርኪንጉ ሰውዬ ናቸው፤ ሚስተር ካርል። አንዱን ተማሪ ጎረቤታቸውን ሊረዱ ነው የመጡት። ለጸዳለ ልንገራት ወይስ አልንገራት እያልሁ አፌን ከፈትሁና መልሼ ዘጋሁት። እናቴ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ ይዛው ከመጣችው እንዝርት ላይ የተወሳሰበ ክር ትፈታ ነበር።

ጸዳለ ጣቶቿን አሳረፈች። ቀስ ብላ ነካች፤ ጫን አለች፤ እንደገና ጫን አለች። ዓይኖቿን ጨፍና ቆየች። ከዚያ ፊቷ በራ።

«ከረረ!» አለች፣ ጮክ ብላ።

ሚስስ ጓን ብዕራቸውን አነሡ። «ምን አልሽ?»

ጸዳለ በአማርኛ መናገሯን ያወቀችው ያን ጊዜ ነው። እንግሊዝኛውን ፈለገችው። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ፤ ቃሉ ግን አልመጣም። ፊቷ ላይ የታኅሣሡን ቀን አየሁት። ክፍሉ በሙሉ ይጠብቃታል። ጸዳለ ግን የሰውዬውን እጅ አልለቀቀችም።

«እማማ» አለች ዘወር ሳትል፣ «ክሩን ያቀብሉኝ።»

«አሁን ነው ፈትል?» አለች እናቴ። ግን አቀበለቻት።

ጸዳለ የክሩን አንድ ጫፍ ለሚስስ ጓን አስያዘቻቸው። ሌላውን ጫፍ በራሷ ጣቶች እያሽከረከረች አከረረችው፤ እስኪወጠር ድረስ። «እዚህ ላይ ጣትዎን ያድርጉ። ከዚያ እሳቸው እጅ ላይ ያድርጉ» አለቻቸው በእንግሊዝኛ።

ሚስስ ጓን ክሩን ነኩ። የሚስተር ካርልን እጅ ነኩ። ወደ ክሩ ተመለሱ። ከዚያ በራሳቸው ቋንቋ አንዲት አጭር ቃል ተናገሩና ፈገግ አሉ።

«በእኛም ቋንቋ የዚህ ትርታ ስም ዋየር አይደለም» አሉ። «የሙዚቃ መሣሪያ ክር ነው። ዋየር ያሉት በኋላ የተረጎሙት ናቸው። ለመሆኑ ይህ ያልሽው ቃል ለክር ብቻ ነው?»

«ለጠብም እንለዋለን» አለች ጸዳለ። «ሰዎች ተጣልተው ነገሩ ሲጠና ከረረ ይባላል።» ይህን ስትል የጠፋው ቃል ከተደበቀበት ወጣላት መሰለኝ፤ ቀና ብላ ተቀመጠችና ጥርት ባለ ድምፅ «ዋይሪ!» አለች። «ዋይሪ ነው! በሁለቱም እጅ። በግራው ይብሳል።»

ሚስስ ጓን ወደ ሚስተር ካርል ዞሩ። «ዛሬ ተቆጥተዋል?»

«ተቆጥተዋል?» አሉ ሚስተር ካርል። «አንድ የታክሲ ነጂ እዚሁ ታች ቦታዬን ነጥቆኝ፣ በማላውቀው ቋንቋ ሰድቦኝ ነው የመጣሁት!»

እናቴ እንግሊዝኛውን ባትሰማም ድምፁን ሰማች። ዞረች። አየቻቸው።

«ውይ!» ብላ ጮኸች። «ዓብዩ የተሳደባቸው ሰውዬ አይደሉም እንዴ?»

ጸዳለ ደርቃ ቀረች። ሚስተር ካርል «ምን አሉ?» ብለው ጠየቁ። እኔ በሕይወቴ ሰው በተሰበሰበበት ተነሥቼ ተናግሬ አላውቅም። ያን ቀን ግን ተነሣሁ።

«ታክሲ ነጂው ወንድሜ ነው» አልሁ። «የእሷም ባል ነው። እናታችን የምትለው አፍሬበታለሁ ነው።» እናቴ ያንን አላለችም፤ ትለው ነበር ግን።

ሚስተር ካርል እኔን አዩኝ፣ እናቴን አዩ፣ እጃቸውን የያዘችውን ጸዳለን አዩ። ከዚያ ከሆዳቸው ሣቁ። «እሱ አከረረኝ፣ ሚስቱ አገኘችው!» አሉ። ክፍሉ ሁሉ አብሮ ሣቀ። ሚስስ ጓንም አፋቸውን በእጃቸው ሸፍነው ሣቁ።

ሣቁ ሳይበርድ ጸዳለ ጣቶቿን እንደገና አሳረፈች።

«አሁን ላላ አለ» አለች። «ማግ ሆነ።»

ሚስስ ጓን እሳቸውም ነክተው አረጋገጡ። «ማግ» አሉ፣ ቃሉን በጥንቃቄ እየጠሩ። ከዚያም ለሁሉም በሚሰማ ድምፅ «አልፈሻል» አሏት። ጸዳለ ተነሥታ እናቴን ከነክሯ አቀፈቻት፤ እንዝርቱ ወድቆ ወለሉ ላይ ተንከባለለ። እናቴ «ኧረ ጥጤን!» ትላለች፣ ተማሪዎቹ ያጨበጭባሉ፣ ያቺ እጄን የያዘችው ልጅም ወደ እኔ ዞራ ታጨበጭባለች።

ሁላችንም አብረን ወረድን። ዓብዩ ነገሩን ሲሰማ ሚስተር ካርልን ይቅርታ ጠየቀና፣ ቢዘገይም፣ ታክሲውን አስነሥቶ ቦታውን ለቀቀላቸው። ጸዳለ መስከረም ላይ ክሊኒክ ገባች።