እንባ መለኪያዋ

ሰው ሁሉ «ደረቋ» ይላታል። ፊት ለፊቷም ይላታል፣ እሷም አቤት ትላለች። ስሙን ያወጡላት የሰፈሯ ሰዎች ናቸው። የወደደችው ሰው ጥሏት ሲሄድ ዓይኗ አልረጠበም። መርፌ ጣቷን ሲወጋት «ውይ» ብላ አታውቅም። ጥርሷ ያለ ማደንዘዣ ሲነቀልም ላብ ያጠመቀው ሐኪሙን ነው። ሥራዋ የወንበር ልብስ መስፋት ነው። በፊልም ትምህርት ቤቱ አዳራሽ ያሉትን ቀይ ወንበሮች ተማሪዎቹ ይቀድዳሉ፣ እሷ ትሰፋለች። ፊልም ሲታይም ከኋላ ረድፍ ተቀምጣ ትሰፋለች። ስንቱ ጀግና ሲሞት፣ ስንቷ ሙሽራ ስትከዳ እያየች አንድ ቀን ከንፈሯን አልመጠጠችም።

በዚሁ ትምህርት ቤት የእህቷ ልጅ ትማራለች። ጡት ከጣለች ጀምሮ ያሳደገቻት ደረቋ ናት። ልጅቱ ዘንድሮ ተመራቂ ናት። ፊልም እየቆረጠች እንድታስተካክል በኤዲተርነት የሚቀጥራት ስቱዲዮም አግኝታለች፤ ዲፕሎማዋን ይዛ መምጣት ብቻ ነው የቀራት። ዲፕሎማ ከሌለ ግን ሥራ የለም፣ ቁርጥ ያለ ነገር ነው።

ነገሩ የተበላሸው እንዲህ ነው። ትምህርት ቤቱ ተማሪዎቹ ምን እንደተማሩ ለክቶ እንዲያሳይ ከበላይ መሥሪያ ቤት ታዘዘ። መምህራኑ ተሰበሰቡ፣ ተጨቃጨቁ፣ በመጨረሻም አንድ ዓረፍተ ነገር ወለዱ፦ «ተማሪው ትምህርቱን ሲጨርስ ተመልካችን ማስለቀስ ይችላል።» አጭር ነው፣ ግልጽ ነው፣ ይለካል፣ ተባለና ተጨበጨበለት።

አምና ለመጀመሪያ ጊዜ ለኩ። ተማሪዎቹ ተመልካች አምጡ ሲባሉ ሁሉም እናቱን ይዞ ከች አለ። እናቶቹ ፊልሙ እስኪጀመር እንኳ አልጠበቁም፤ ገና የልጃቸው ስም ስክሪኑ ላይ ብቅ ሲል እንባቸው ዱብ ዱብ አለ። አንዷማ «ኧረ ይሄ የርስዎ ልጅ ስም አይደለም» ቢሏት፣ «እሱስ ቢሆን እናት የለው?» ብላ ለቅሶዋን ቀጠለች። ሁሉም አለፈ። የበላይ መሥሪያ ቤቱ ግን ውጤቱን አልቀበልም አለ። የእናት እንባ መለኪያ አይሆንም፣ ሳይነኩትም ይፈስሳል፤ በቀላሉ የማያለቅስ ተመልካች ፈልጉ አለ።

የትምህርት ቤቱ ኃላፊ ሩቅ አልሄደም። ወደ ኋላ ረድፍ መጣ።

«እትዬ፣ የተማሪዎቻችንን ፊልም አይተው ቢመዝኑልን?»

«ስፌት አለብኝ።»

«እየሰፉ ይዩት።»

«ካስለቀሰኝ አለቅሳለሁ፣ ካላስለቀሰኝ ቀረ። አስመስዬ አላለቅስም፣ ከአሁኑ ልንገርዎት።»

«እኛስ የምንፈልገው ይህንኑ አይደል!» ብሎ እጇን ከነመርፌው ጨበጠና እሱ «ውይ» አለ።

«ከተማሪዎቹ አንዷ የእህቴ ልጅ ናት» አለችው፣ በኋላ ነገር እንዳይመጣ።

ኃላፊው አገጩን አሸት አሸት አደረገ። «የጥቅም ግጭት የሚሉት ነገር አለ። ከእሷ ጋር ግጭት ይኖር ይሆን?»

«እሱማ በየቀኑ ነው። ትናንትም በሳሙና ተጋጭተናል።»

«እንግዲያው ጥሩ» አለ ኃላፊው፣ «አያዳሉም ማለት ነው።»

ከበላይ መሥሪያ ቤት ደግሞ አንድ ረጅም፣ ከሲታ ሰውዬ ተላከ። ተማሪዎቹ «ጥራት» አሉት፣ ከአፉ ሌላ ቃል ስለማይወጣ። ሻንጣው ውስጥ በጥጥ የተጠቀለሉ ትናንሽ ብልቃጦች ደርድሯል። ሕጉንም አስረዳ፦ ዓይን መርጠብ አይቆጠርም፣ አፍንጫ መሳብም አይቆጠርም። እንባው ከጉንጭ ወርዶ ብልቃጥ ከገባ ተማሪው አለፈ፣ ካልገባ ወደቀ።

ከፈተናው በፊት በነበረው ማታ አክስትና ልጅ ሰሃን ያጥባሉ።

«አክስቴ፣ አንድ ብቻ።»

«ምኑን?»

«ጠብታ ነዋ። አንድ ጠብታ ብትጥይልኝ ምን ትሆኛለሽ?»

«ፊልምሽ ካስለቀሰኝ እጥላለሁ።»

«አንቺን ማን አስለቅሶሽ ያውቃል! የሞተ ሰው እንኳ አላስለቀሰሽም!»

«ታዲያ ለሙት የነፈግሁትን ለፊልም ልስጥ?»

ልጅቱ ስፖንጁን ውሃው ውስጥ ወረወረችው። «ሥራው ያመልጠኛል! አይገባሽም? ቆይ፣ አትወጂኝም?»

«እህስ! ይልቅ ሰሃኑን ደህና አድርገሽ አለቅልቂው፣ አረፋ ቀርቶበታል።»

በማግስቱ ደረቋ መሀል ወንበር ላይ ተቀመጠች። ጥራት ከጎኗ ሆኖ ብልቃጡን ከጉንጯ ሥር ደገነ። በመጀመሪያው ፊልም ላይ ታማኝ ውሻ ጌታውን አድኖ ይሞታል። አዳራሹ በሙሉ ተንሰቀሰቀ፣ ጥራት ራሱ ምራቁን ዋጠ።

«ውሻው የማን ነው?» አለች ደረቋ።

«የኔ ነው» አለ ተማሪው፣ ዓይኑን እየጠረገ።

«አሁን የት አለ?»

«ውጪ ታስሯል።»

«በልቷል?»

«በልቷል።»

«ታዲያ ምኑ ያስለቅሳል?»

ወደቀ። ሁለተኛው ፊልም ላይ ሙሽራ ተከድታ ዝናብ ይወርድባታል፣ ይወርድባታል፣ ማባሪያ የለውም። ደረቋ ብድግ ብላ «ኧረ ልጅቷን ጉንፋን ሳይገድላት አስገቧት!» ብላ ጮኸች። ተማሪዋ ወደቀች። ሦስተኛውም፣ አራተኛውም እንደዚያው፤ ተማሪው ሁሉ እንደ በሰለ ፍሬ ረገፈ።

የእህቷ ልጅ ተራ ሲደርስ ደረቋ ስፌቷን አስቀመጠች። ይህን ለማንም አላደረገችም። ፊልሙ ላይ አንድ ሽማግሌ አውቶቡስ ይጠብቃል። አውቶቡሱ አይመጣም። ቫዮሊኑ ያለቅሳል፣ ሽማግሌው ይጠብቃል። ልጅቱ ስክሪኑን ትታ የምታየው የአክስቷን ጉንጭ ነው። ደረቋ ከልቧ ሞከረች። ወደ ፊት አዘነበለች፣ ሽማግሌውን በዓይኗ ፈለቀቀችው፣ እንዲያሳዝናት ለመነችው ማለት ይቻላል። ከየትም አልመጣም። ያሳደገቻት ልጅ ናት፣ የሚያመልጣት ሥራዋ ነው፣ ሁሉንም ታውቃለች፤ ግን ዓይኗ የምድጃ አመድ ሆነባት።

መብራቱ ሲበራ «በእግሩ ቢሄድ እኮ እስካሁን ደርሶ ነበር» አለች ቀስ ብላ።

ጥራት ብልቃጡን ገልብጦ አሳየ። ደረቅ ነው። ልጅቱ ወደቀች።

ከዚያ ቀን ወዲህ ልጅቱ አክስቷን አኮረፈች። ቤት ውስጥ እንደ ተከራይ ትገባለች፣ እንደ ተከራይ ትወጣለች። ደረቋ በልቧ መልስ አዘጋጅታ ብትጠብቅም፣ የሚሰድባት ሰው አጣች።

ትምህርት ቤቱ ውስጥ ደግሞ ስብሰባ ተቀመጡ። «ተማሪ ሁሉ ከወደቀ» አለ ጥራት፣ «ወይ ተማሪዎቹ አልተማሩም፣ ወይ መለኪያው ተበላሽቷል።»

«መለኪያው ነው!» አለ ኃላፊው፣ የወላጆቹ ፊት ድቅን ብሎበት።

መለኪያው ይፈተሽ ተባለና አንድ ጆንያ ሽንኩርት መጣ። ደረቋ ትልጣለች፣ ኃላፊው ያለቅሳል። ደረቋ ትከትፋለች፣ ጥራት ያለቅሳል። ጸሐፊዋ መሐረብ ላቀርብ ብላ ገብታ እያለቀሰች ወጣች። ደረቋ ጆንያውን ጨርሳ «ይሄን ሁሉ ማን ሊበላው ነው?» አለች፣ ዓይኗ ጥርት እንዳለ።

«ተረጋገጠ» አለ ጥራት በመሐረብ አፍንጫውን እየጠረገ። «መሣሪያ ሲበላሽ ይጠገናል። ሰው ሲበላሽ ግን ይማራል። ጥራት ማለት ይህ ነው።»

ደረቋ ተማሪ ሆና ተመዘገበች። ፎቶ ያለበት መታወቂያ አንገቷ ላይ ተንጠለጠለ። ትምህርቱ ለቅሶ ነው፣ ለአንድ ሳምንት። ሲጨርሱ ፊልሞቹ እንደገና ይታያሉ አሏት።

«ለልጅቱ ስል እማራለሁ» አለች። «ማስመሰል ግን አልማርም።»

ያስተማራት የትወናው መምህር ነው። ይህ ሰው ሲፈልግ በግራ ዓይኑ ብቻ፣ ሲፈልግ በቀኙ ብቻ የሚያለቅስ፣ ስሙ የተጠራ አልቃሽ ነው።

«እትዬ፣ ዓይንዎን ይጨፍኑ። የሚያሳዝንዎትን ነገር ያስቡ። መጣልዎት?»

«መጣልኝ። ወንበሮቹ።»

«በጣም ጥሩ! ወንበሮቹ ምን ሆኑ?»

«ተማሪዎቹ ማስቲካ ይለጥፉባቸዋል።»

«አዎ! ይቀጥሉ! አሁን እዚህ ደረትዎ ላይ ምን ይሰማዎታል?»

«አንዱን ይዤ ብገርፈው ደስ ይለኛል።»

መምህሩ እየዘመረ ሞከረ፣ ወለል ላይ እየተንከባለለ ሞከረ፣ የልጅነቱን በሽታዎች ሁሉ ተረከላት። «ታዲያ አሁን ተሻለዎት?» አለችው በደግነት። ሰውዬው በሳምንቱ ውስጥ ከስቶ ቀበቶው ሰፋው። በመጨረሻው ቀን ተንበረከከና እግሯን ይዞ፣ «ዕድሜዬን ያስተማርኩት ውሃ ወቀጣ ነበር እንዴ?» ብሎ በሁለቱም ዓይኖቹ ተነፋረቀ።

ይህን ጊዜ በሩ ተበረገደ። ጥራት ብልቃጡን ይዞ ገባና ከመምህሩ ጉንጭ ሥር ደገነው። ሞላ። ሌላ አመጣ። እሱም ሞላ።

«እትዬ፣ እንኳን ደስ አለዎት! አልፈዋል!»

«ምኑን?»

«እርስዎ የተመዘገቡ ተማሪ ነዎት። መምህሩ እርስዎን ተመለከቱ። አለቀሱ። ተማሪው ተመልካችን ማስለቀስ ይችላል ነው የሚለው። የዘንድሮው ብቸኛ ተመራቂ እርስዎ ነዎት!»

«የኔን ተወው፤ ፊልሞቹን መቼ ነው እንደገና የማየው?»

ጥራት ሻንጣውን መዝጋት ጀምሯል። «አሁንማ እንዴት ይሆናል? ባለዲፕሎማ ነዎት፣ ባለሙያ ማለት ነው። ባለሙያ ተራ ተመልካች አይሆንም። የሌሎቹ ውጤት ባለበት ይጸናል።» ዲፕሎማዋን አስታቀፋትና ደረጃውን ወርዶ ወደ መኪናው ሄደ።

ደረቋ ዲፕሎማውን ይዛ ኮሪደሩ ላይ ወጣች። የወደቁት ተማሪዎች ግድግዳውን ተደግፈው ቆመዋል፤ ወሬው ቀድሟት ደርሷል። የእህቷ ልጅም ከመሀላቸው ናት። ደረቋ ለጠብ ተሰናዳች። ልጅቱ «ደስ አለሽ?» ብትላት የምትመልሰው ነበራት፣ «ጨካኝ» ብትላትም የምትመልሰው ነበራት።

ልጅቱ ግን መጣችና የአክስቷን ኮሌታ አስተካከለችላት። መታወቂያዋ ዞሮ ነበር፣ እሱንም አቃናችው። «እንኳን ደስ አለሽ፣ አክስቴ» አለች። ነገር የለበትም፣ ሽሙጥ የለበትም። «ከቤታችን አንዳችን እንኳ ተመረቅን። በይ፣ የስፌት ቦርሳሽን አምጪው፣ እኔ ልያዝልሽ። ደክሞሻል።»

በጥፊ ብትመታት ይሻል ነበር።

ደረቋ ቦርሳውን አቀበለቻት። ቀጥሎ ጉንጯ ላይ የሆነ ነገር ሲሄድ ተሰማትና እጇን አነሳች። «ምንድን ነው ይሄ፣ ዝንብ ነው?»

«አይጠረግ!» ብሎ ጮኸ ባለውሻው ተማሪ። «እንባ ነው!»

«አክስቴ፣ እንዳትነቃነቂ! ቀና በይ!»

ደረቋ አንገቷን ወደ ኋላ ጥላ፣ ጣሪያ ጣሪያ እያየች፣ ደረጃውን ወረደች። ልጅቱ ክንዷን ይዛ «ደረጃ... ደረጃ... አለቀ፣ ሜዳ ነው» ትላታለች። ሌሎቹ በር ይከፍታሉ፣ ሰው ከመንገድ ይገፈትራሉ። ጥራት መኪናው ውስጥ ገብቶ ሞተር አስነስቷል።

«ክፈተው ብልቃጥህን!» አለች ደረቋ ሰማይ ሰማዩን እያየች።

ጥራት በመስኮት አንገቱን አወጣ። «ይሄ እንባ በፊልም የመጣ አይደለም።»

«የመምህሩስ በፊልም ነው የመጣው?»

ጥራት ሞተሩን አጠፋ። «ቢሆንም እርስዎ ባለሙያ ነዎት፣ ተመልካች...»

ደረቋ ዲፕሎማውን በዳሰሳ በመስኮቱ አስገብታ ጭኑ ላይ ጣለችለት። «እንካ ባለሙያነትህን። አሁን ምንድን ነኝ?»

ጥራት ዲፕሎማውን አየ፣ እሷን አየ፣ ጉንጯ ላይ የቆመችውን ጠብታ አየ። «ተመልካች» አለና ከመኪናው ዘሎ ወረደ።

ጠብታዋ ብልቃጥ ስትገባ ግቢው በሙሉ ትንፋሹን ያዘ።

«ያስለቀሰዎት ተማሪ?»

«ይህችው ናት።»

«በምን ምክንያት?»

«ራሷ ወድቃ እንኳን ደስ አለሽ አለችኝ።»

ጥራት ብዙ አሰበ። «ስለወደቀች ካስለቀሰች አልፋለች። ካለፈች ደግሞ አልወደቀችም። ካልወደቀች...» ግንባሩ ላይ ላብ ወጣ። ጫጫታውን ሰምቶ የወጣው ኃላፊ ግን እንባው ሳይደርቅ ብሎ የልጅቱን ዲፕሎማ ከቢሮ አስመጥቶ የመኪናው ኮፈን ላይ ዘርግቶ ፈረመበት።

ሌሎቹ ተማሪዎች ደረቋን ከበቧት። «እትዬ፣ እኛም እኮ ወድቀናል! እንኳን ደስ አለዎት! ይኸው እንኳን ደስ አለዎት!»

«ሂዱ የራሳችሁን አክስት ፈልጉ!»

ይህን ሲሰማ ኃላፊው ኮፈኑን ተደግፎ፣ «እኔ ለነዚህ ሁሉ ወላጆች ምን ብዬ ነው የምነግራቸው!» ብሎ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቀ። ጥራት በልማድ ብልቃጡን ደገነ።

«ያስለቀሰዎት የትኛው ተማሪ ነው?»

«ሁሉም!»

«ለየአንዳንዳቸው ትንሽ ትንሽ ይደርሳቸዋል» አለ ጥራት ብልቃጡን ወደ ፀሐይ አንስቶ እያየ። «ማለፊያ ይሆናል።»

አክስትና ልጅ በእግራቸው ወደ ቤት ሄዱ። ልጅቱ ዲፕሎማዋን በአንድ ብብቷ፣ የአክስቷን ቦርሳ በሌላው ይዛለች።

«አክስቴ፣ እውነቱን ንገሪኝ። ፊልሜ ምንም አላሳዘነሽም? ትንሽ እንኳ?»

ደረቋ እስከ መታጠፊያው ድረስ አሰበችበት። ልጅቱን ማስደሰት ፈልጋ ነበር፣ ግን አልሆነላትም።

«ረዝሟል» አለች።

«ምኑ ጋ?»

«መሀሉ።»

«እኔም እሱን ጠርጥሬ ነበር» አለች።

«ታዲያ ቁረጪዋ! ሥራሽ አይደል?»