አድራሻ ያለው ምስጋና

ፖስተኛው ከሆስፒታል ከወጣ ወዲህ ቤቱ ጠያቂ ተለይቶት አያውቅም። ሰው ገብቶ «እንዴት ነህ? ተሻለህ?» ሲለው «ደህና ነኝ» ይልና እዚያው ላይ ያቆማል። ያኔ ሚስቱ ከጓዳ ሆና፣ እጇን ሳሙና እንደነካው፣ «እግዚአብሔር ይመስገን!» ብላ የጎደለውን ትሞላለች። ጠያቂውም የመልሱን ግማሽ ከአልጋው፣ ግማሹን ከጓዳው ተቀብሎ ይቀመጣል። ባልና ሚስቱ ሠላሳ ዓመት ሙሉ እንዲህ ሲመልሱ ስለኖሩ ጎረቤቱ ለምዶታል።

እምነቱን ያጣው ከማንም ተጣልቶ አይደለም፤ መጽሐፍ አገላብጦም አይደለም። አንድ ቀን እንደወለቀ ጥርስ ቦታው ባዶ ሆኖ አገኘው፣ በቃ። ሚስቱ መጀመሪያ አለቀሰች፤ ቀጥሎ ተቆጣች። ብትመክረው ብትዘክረው ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ ሆነባት። በመጨረሻ «እሱ እንደሆነ ያንተን ፊርማ አይጠብቅም፤ ለሁለታችንም እኔ እጸልያለሁ፣ አንተ ደብዳቤህን አድል» ብላ ተወችው። እሱም ሠላሳ አንድ ዓመት ደብዳቤውን አደለ። ለምን ትኖራለህ ብሎ የጠየቀው አልነበረም፤ ቢጠይቀውም ቦርሳውን ያሳየው ነበር።

ነገር የመጣው ጡረታ ሲወጣ ነው። ቦርሳውን አስረከበ። ጠዋት ጎህ ሲቀድ እንደልማዱ ይነሳል፣ ጫማውን ያጠልቃል፣ የአልጋው ጫፍ ላይ ትንሽ ይቀመጥና መልሶ ያወልቃል። ስምንት ወር እንዲህ ሆነ። በስምንተኛው ወር የጨጓራው ቁስል ደምቶ ደረጃው ላይ ወደቀ። ሆስፒታል ሲደርስ ገርጥቶ ከአንሶላው አይለይም ነበር። ሦስት ከረጢት ደም ተሰጥቶት ዳነ።

ዳነ እንጂ አልተነሳም። ሐኪሙ «በእግርህ ሂድ፣ ንፋስ ይንካህ» ቢለው ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይውላል። «ተረፍኩ፤ ለምን?» ይላል ለራሱ። ሚስቱ ለዚህ መልሱ በእጇ ነው፤ እግዜር ለአንድ ነገር ፈልጎሃል ትለዋለች። እሱ ግን የፈለገው ሰው አልታየውም። የተመለሰችለት ዕድሜ ማን እንደሚጠቀምባት ያልታወቀች ትርፍ ዕቃ መሰለችው። ይሄ ዝምታው ከደሙ ይልቅ ሚስቱን አስፈራት።

«እሑድ አብረን ሄደን እናመስግን፤ ቀና ትላለህ» አለችው።

«አልዋሽም።»

«ማመስገን መቼ ነው ውሸት የሆነው?»

«በማላውቀው አድራሻ ደብዳቤ አልልክም። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ!»

«እስከዛሬ የጠጣኸው ወተት ታዲያ ከየት የመጣ መሰለህ?»

«እኔን ያተረፈኝ ደም ነው። እሱም የሦስት ሰው ነው፤ ከረጢቱ ሲንጠለጠል በዓይኔ አይቻለሁ።»

«እንግዲያስ ተነስና ሦስቱን አመስግን!» አለች ሚስት፣ ትዕግሥቷ አልቆ። «ግድግዳ እያየህ ከምትሞትብኝ ሰይጣንንም ቢሆን ሄደህ አመስግን!»

ከአፏ የወጣውን ስትሰማ ራሷ ደንግጣ በሁለት እጇ አፏን ያዘች። ፖስተኛው ግን ከታመመ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ከት ብሎ ሳቀ። በማግስቱ ጫማውን አጠለቀና አላወለቀውም።

የደም ባንኩ ከሆስፒታሉ ጀርባ ያለ ባለ አንድ ፎቅ ቤት ነው። መዝገቡን የምትይዘው ነርስ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ መነጽሯን የምትፈልግ ዓይነት ሴት ናት። ፖስተኛው የታከመበትን ቀን ነግሯት «ሦስቱን ሰዎቼን ስጪኝ» አላት።

«አባባ፣ የለጋሽ ስም አይነገርም።»

ይህንንስ ለመረዳት እሱን የሚቀድመው የለም። ማን ለማን እንደሚጽፍ ሠላሳ አንድ ዓመት አይቶ ለሚስቱ እንኳ ተንፍሶ አያውቅም። አልተከራከራትም። እጅጌውን ሰበሰበና ክንዱን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ።

«እንግዲያው የኔን ደም ቅጂና ሂሳባችን ይዘጋ።»

ነርሷ ሳቀች። «ደም ከወሰዱ ገና ወርዎ ነው፤ ዕድሜዎም አልፏል። የሰጠንዎን መልሰን ልንቀዳ ነው?»

ክንዱን ሰበሰበ። ያች የማለዳ ሞቅታ ከላዩ ላይ ስትበርድ ተሰማው። ከዚህ ወጥቶ ወደዚያው ግድግዳ መመለሱ ነው። ሊሄድ ሲነሳ እግሩ ከጠረጴዛው ሥር ያለ ካርቶን መታ። ጎንበስ ቢል በፖስታ የተሞላ ካርቶን ነው፤ በእያንዳንዱ ላይ «አድራሻው አልተገኘም» የሚል ቀይ ማኅተም ተመትቶበታል።

«ይሄ ምንድነው?»

«ከዚህ በፊት ደም የሰጡ ሰዎች ናቸው። ተራችሁ ደርሷል፣ ኑ ልንል ብንደውል ስልካቸው አይሠራም፤ ብንጽፍላቸውም ተመለሰ። ሁለት መቶ አሥራ አራት ፖስታ። ፍሪጃችንን ቢያዩት ያስለቅሳል።»

ፖስተኛው የላይኛውን አነሳ። «ከወፍጮ ቤቱ ዝቅ ብሎ፣ አረንጓዴ በር» ይላል። ደሙ ፈላ፤ የሦስት ሰው ደም ነውና በደንብ ፈላ።

«ይሄ አልተገኘም? በሩን ሰማያዊ ቀቡት እንጂ ቤቱማ የት ይሄዳል! ማን የሚሉት ፖስተኛ ነው ይሄን የመለሰው? እኔ በሥራ ዘመኔ ሰባት ደብዳቤ ብቻ ነው የመለስኩት፤ ሰባቱም እስከዛሬ ያንገበግቡኛል!»

ነርሷ መነጽሯን ከግንባሯ ላይ አግኝታ አጠለቀችና በደንብ አየችው። እሱም ድምፁን ዝቅ አድርጎ «የኔ ሦስቱ ከነዚህ ውስጥ ይኖራሉ?» አለ።

«ሊኖሩም ላይኖሩም ይችላሉ። አልነግርዎትም።»

«አትንገሪኝ። ሁሉንም ካመሰገንኩ፣ ካሉበት አያመልጡኝም።»

ነርሷ ኃላፊዋን ልታማክር ገብታ እሺታ ይዛ ወጣች። ፖስታው እንደታሸገ ይሄዳል፣ ከስሙ በቀር የሚታይ የለም፤ ደግሞስ ደብዳቤ ለፖስተኛ ካልተሰጠ ለማን ይሰጣል? ፖስተኛው ካርቶኑን ታቅፎ ወጣ።

ሚስቱ «ጉድ ፈላ! ገና ሳትድን!» ብላ በሩ ላይ ቆመችበት። ከብዙ ክርክር በኋላ በሦስት ነገር ተስማሙ፤ በቀን ከአሥር ፖስታ እንዳያልፍ፣ ምርኩዝ እንዲይዝ፣ ከሁለተኛ ፎቅ በላይ እንዳይወጣ። ቦርሳውን መሥሪያ ቤቱ ስለወሰደው የራሷን አበባ ያለበት የገበያ ቦርሳ ሰጠችው። ሦስተኛውን ውል በመጀመሪያው ቀን አፈረሰ።

ያ ሰማያዊ በር የመካኒክ ቤት ነበር። መካኒኩ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ወጣ።

«አመሰግናለሁ» አለው ፖስተኛው።

«ለምኑ?»

«ለደምህ።»

በሩ ፊቱ ላይ ተዘጋ። እውነት ለመናገር፣ አበባ ያለበት ቦርሳ አንግቶ ስለ ደም የሚያወራ ሽማግሌ ቢመጣ ማንስ ይከፍታል? ከዚያ በኋላ ሙያውን አሻሻለ፤ መጀመሪያ ፖስታውን ይሰጣል፣ ሰውዬው ካነበበ በኋላ ያመሰግናል። «በደም ተርፌያለሁ። የማን እንደሆነ አላውቅም፤ ያንተ ሊሆን ስለሚችል ነው የመጣሁት።»

ሰው እንዲህ ሲባል ምን እንደሚሆን ያላየ አያውቅም። አንድ በር የሚሞላ ተሸካሚ ጆሮው ድረስ ቀልቶ ግራ ቀኙን አየና «ለሰው እንዳትነግርብኝ እንጂ፣ ሲወጉኝ ወድቄያለሁ» አለው በሹክሹክታ። አንዲት አስተማሪ «እኔኮ ዝናብ ለመጠለል ነው የገባሁት፤ ቁጭ ካልኩ አይቀር ብዬ ነው» ብላ አፈረች። «ደሙ እርስዎ ለምን እንደገቡ አልጠየቀም» አላት። አንዲት አሮጊት ደግሞ «ልጄ፣ ምስጋናውን ለፈጣሪ አድርገው፤ እኔ ምን አደረግኩ?» ሲሉት፣ ቀልጠፍ ብሎ «እማማ፣ እሱን መስመር ባለቤቴ ይዛዋለች፤ የኔ መስመር እርስዎ ነዎት» አላቸው። አሮጊቷ ምርኩዛቸውን እስኪጥሉ ሳቁ።

ማታ ማታ ሚስቱ ውሃ አሙቃ እግሩን እየነከረች «እህ፣ ዛሬስ ማን ማን ነበሩ?» ትለዋለች። መጀመሪያ የጠየቀችው ለጤናው ብላ ነበር፤ በሁለተኛው ሳምንት ግን ሳትሰማ እንቅልፍ አይወስዳትም። የተሸካሚውን ነገር ሲነግራት በሳቅ ፍርፍር ብላ የእግር ውሃውን ደፋችው። ስትጸልይም «ያንን የሚወድቀውን ግዙፍ ሰውዬ አስበው፣ ያችንም ዝናብ ያስገባትን» ስትል ይሰማታል። ፖስተኛው በዚህ አይቀልድም፤ እሷም እሑድ አብረኸኝ ሂድ ማለቱን ትታለች። እያንዳንዳቸው በየመስመራቸው ይሠራሉ።

እሱም ደስ ብሎታል። ይሄን ሳልሸፋፍን ልናገር፤ ደስታው ከወጣትነቱ ይበልጥ ነበር። ሠላሳ አንድ ዓመት የሌላ ሰው ነገር ሲያደርስ ኖሮ አሁን ገና የራሱን ያደርሳል። ለምን እንደተረፈ መጠየቁን የተወው መልስ አግኝቶ አይደለም፤ ለጥያቄው ጊዜ አጥቶ ነው። ነርሷም ደውላ «አባባ፣ ወንበር አለቀብን! ያ ተሸካሚ መጥቶ፣ ሳንወጋው በፊት ተጋድሞ ጠበቀን» ብላ ስትነግረው ልቡ ቅቤ ጠጣ። መካኒኩም ሳይመጣ አልቀረም ይባላል።

መቶ ሰባ አንደኛው ፖስታ የአንድ ቁልፍ ሠሪ ነበር። ከአውቶቡስ ማቆሚያው ጀርባ፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። ፖስተኛው ሲደርስ ከውስጥ የስፌት መኪና ይሰማል። አንኳኳ፤ መኪናው ቆመ። ጥቁር የለበሰች፣ አንገቷ ላይ ሜትር ያንጠለጠለች ሴት ከፈተችለት። ፖስታው ላይ ያለውን ስም አየችና የበሩን መቃን ያዘች።

«ባለቤቴ ነው። ሞቷል» አለች። «ሁለት ወሩ።»

በሥራ ዘመኑ የሟች ደብዳቤ ሲሆን ፖስታው ጥግ ላይ «ሟች» ብሎ ጽፎ መመለስ ነበር ደንቡ። አሁን ግን እጁ እንቢ አለው። ምናልባት ሰውነቱ ውስጥ የሚዞረው የዚህ ሰው ደም ነው፤ ምስጋናውን ሁለት ወር ዘግይቶ አመጣው።

«ይውሰዱት» አለ። «ከእንግዲህ የእርስዎ ነው።»

ከፍታ አነበበች። ደግማ አነበበች። ከዚያ የስፌት ወንበሯን ስባ ተቀመጠች።

«አሥራ ስምንት ጊዜ ደም ስለሰጡን እናመሰግናለን ይላል። አሥራ ስምንት ጊዜ?» በጣቷ ትቆጥር ጀመር። «በየሦስት ወሩ... ዓርብ ከሰዓት... አይ አንተ ሰው! ሱቁን ዘግቶ ይጠፋ ነበር። ሲመለስ ፈዘዝ ብሎ፣ ክንዱን እየሸሸገ። የት ነበርክ ስለው ቁልፍ የጠፋበት ሰው ጠርቶኝ ነው ይለኛል። እኔ ደግሞ...» አለችና ፊቷን በእጇ ሸፈነች። «እኔ ደግሞ ውሽማ ይዞብኛል ብዬ! አንድ ቀን እስከ አውቶቡሱ ተከትዬዋለሁ። ልጠይቀው እያልኩ፣ መልሱን እየፈራሁ፣ ሳልጠይቀው ቀበርኩት።»

«ለምን የደበቀዎት ይመስልዎታል?»

«ደም ሲባል ስሰማ እወድቃለሁ። ጣቴን መርፌ ሲወጋኝ እንኳ የሚያስርልኝ እሱ ነበር» አለች። ሳቀች፤ እየሳቀች አለቀሰች፤ ከዚያ እንባዋን ሳትጠርግ እንደገና ሳቀች። ፖስተኛውም የራሱን ታሪክ፣ ደረጃውን፣ ሦስቱን ከረጢት ነገራት። ጎረቤቶቿ ከሁለት ወር በኋላ ሳቋን ሲሰሙ በራቸውን ከፍተው ነበር።

ቀና ብላ አየችው።

«እርስዎ ጋ ያለው የሱ ነው?»

አዎ ቢላት ማን ይጠይቀዋል? አንድ ቃል ናት፤ ልቧን ታሳርፋለች። ግን ይህ ሰው ለፈጣሪም ያልዋሸ ሰው ነው።

«አላውቅም» አለ። «አይነግሩኝም። ሊሆን ይችላል፣ ላይሆንም ይችላል። ብቻ አሥራ ስምንት ጊዜ ሰጥቷል፤ እዚህ ከተማ ውስጥ በሱ ደም ቆመው የሚሄዱ ሰዎች አሉ። ይሄን አውቃለሁ።»

ሴትዮዋ ደብዳቤውን አጣጥፋ ጭኗ ላይ አኖረች።

«ይሁን» አለች። «እስቲ እጅዎን ይስጡኝ።»

ሰጣት። አንጓውን ይዛ ሁለት ጣቷን አሳረፈችበትና ዓይኗን ጨፈነች።

«ይመታል» አለች።

«አዎ፣ ይመታል» አለ ፖስተኛው። መትረፉ እንደዚያች ደቂቃ ደስ ብሎት አያውቅም።

አበባ ያለበት ቦርሳ ውስጥ ገና አርባ ሦስት ፖስታ ነበር። ቢሆንም እሷ እስክትጠግብ ድረስ እጁን ሳይነጥቅ ቆመ።