አራት መድኃኒት ለአንድ ውሻ

"ያዙልኝ እንጂ! ጭንቅላቱን ያዙልኝ!" አለች ልብስ ሰፊዋ።

ማንም አልያዘላትም። ውሻው ሳፋው ውስጥ ቆሞ ይንቀጠቀጣል፤ ለሃጩ እንደ ክር እየተመዘዘ ውሃው ላይ ይወርዳል። እሷ በግራ እጇ ሆዱን ደግፋ በቀኟ ለብ ያለ ውሃ ታፈስበታለች፤ ስልኩን በጉንጯና በትከሻዋ መሃል ወትፋዋለች። ባሏና ሁለቱ አማቶቿ የመታጠቢያ ቤቱ በር ላይ ተደርድረዋል። የሦስቱም ፊት ላይ ሐዘን ይነበባል፤ ሦስቱም ደግሞ ትንሽ ወደ ኋላ ፈቀቅ ብለዋል።

"ምን ቀባችሁት?" አለች የእንስሳት ሐኪሟ በስልኩ። "የተቀባውን ሳላውቅ የምሰጠውን ማወቅ አልችልም።"

ልብስ ሰፊዋ የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርጋ መስኮቱ ላይ አስቀመጠችው።

"ሰምታችኋል። ምን ተቀብቷል?"

ጎሚስታው ባሏ ጣሪያውን አየ። "እኔ ምን ቀባዋለሁ? ጎማ ነው እንዴ?"

"እኔስ ከውሻ ጋር ምን አለኝ?" አሉ እናቱ።

አባቱ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። እሳቸው ጉሮሯቸውን ከጠረጉ ጉዳዩ ተዘግቷል ማለት ነው።

ነገሩ የጀመረው ከአንዲት ቁንጫ ነው። የስፌት መኪናው ያለው ሳሎኑ ጥግ ላይ ነው። አንዲት ደንበኛ ለልክ መጥታ ነጩ ጨርቅ ላይ ጥቁር ነጥብ አየች። ነጥቧ ዘለለች፤ ደንበኛዋም ዘለለች። እጅጌው ያልተገጠመ ቀሚሷን እንደታቀፈች ወጣች፤ በዚያው ቀረች። ማታ ቤተሰቡ ተሰብስቦ መከረ።

ይህ ቤተሰብ ሲመክር ማየት ደስ ይላል። እምቢ የሚል ሰው የለበትም። ሽማግሌው ይናገራሉ፣ ሁሉም እሺ ይላል። ባለቤታቸው ይናገራሉ፣ ሽማግሌው ሳይቀሩ እሺ ይላሉ። ከዚያ እያንዳንዱ ተነስቶ የመሰለውን ያደርጋል። ሰፈሩ በሰላማቸው ይቀናል። የሳሎኑ ግድግዳ ግማሹ ክሬም፣ ግማሹ አረንጓዴ የሆነውም ከዚሁ ሰላም የተነሳ ነው።

በዚያ ምሽት ጎሚስታው "እኔ አንድ ነገር እፈልግለታለሁ" አለ፤ እሺ ተባለ። እናቱ "ምን መድኃኒት ያስፈልገዋል፣ የጓዳው ይበቃዋል" አሉ፤ እሺ ተባለ። የከብት እርባታ መጋዘን ሲጠብቁ ኖረው ጡረታ የወጡት ሽማግሌ "መድኃኒቱ እኔ ጋ አለ" አሉ፤ እሺ ተባለ። ልብስ ሰፊዋ "የምትድህ ልጅ ያለችበት ቤት ነው፤ መጀመሪያ ሐኪም እንጠይቅ" አለች። ለእሷም በሙሉ ድምፅ እሺ ተባለላት።

ልጇ አፏ ውስጥ የማትከተው ነገር የለም። ቁልፍ፣ የክር ቁራጭ፣ የአያቷ ጫማ። ከሁሉ አብልጣ የምትወደው ግን የውሻውን ጆሮ ማኘክ ነው። የውሻው ስም ዳኛ ነው፤ የሁለቱንም ወገን ክርክር ሰምቶ ስለሚተኛ። ጆሮውን ስታኝክበትም ይተኛል።

አሁን ልብስ ሰፊዋ ሐኪሟን ጠብቂኝ ብላ፣ ዳኛን ሳፋው ውስጥ ለአፍታ ለባሏ ትታ ፎጣ ልታመጣ ወጣች። ኮሪደሩ ላይ አማትየዋ ተከትለው ክንዷን ያዙ።

"ለማንም እንዳትናገሪ፣ ልጄ። ነጭ ሽንኩርት ነው። ወቅጬ በሥጋ ጠቅልዬ አበላሁት። ደሙ ሲሸት ቁንጫው ይሸሻል ብዬ እኮ ነው።"

"ምን ያህል?"

"እንዲያው... እፍኝ ቢሆን ነው።"

ስትመለስ ባሏ ውሻውን ትቶ ኮሪደሩ ላይ ጠበቃት።

"የኔ እመቤት፣ ጀርባው ላይ ትንሽ ነጭ ጋዝ አሽቼለታለሁ። በጣም ትንሽ። እኔ ከሥራ ስወጣ እጄን በሱ አይደል የምታጠበው?"

"ከታጠብክ በኋላ እጅህን ትልሰዋለህ?"

"አንዳንዴ" አለ። መቀለዱ ነበር። አልሳቀችም።

ሽማግሌው የመኝታ ቤታቸው በር ላይ ቆመዋል። ማንሾካሾክ ክብራቸው አይደለም፤ ድምፃቸውን ብቻ ዝቅ አደረጉ። "የመዥገሯን መድኃኒት ረጭቼዋለሁ። ጣሳው ላይ ላም ተስላለች። ላም ያልገደለ ውሻ ይገድላል?"

"በምን ያህል ውሃ በጠበጡት፣ አባባ?"

"ውሃማ ኃይሉን ይቀንሰዋል።"

ፎጣውን ትከሻዋ ላይ ጥላ ተመለሰች። ሦስቱም ተከትለዋት በሩ ላይ እንደ ቀድሞው ተደረደሩ። ምስጢሩን ለታመነ ሰው አስረክቦ ቀለል ያለው ሰው እንዴት እንደሚቆም እነሱን ማየት ነው። ወደ ስልኩ ጎንበስ አለች።

"ዶክተር፣ ትሰሚኛለሽ? የላም መዥገር መድኃኒት ሳይበጠበጥ ተረጭቷል፤ አባባ ናቸው። ነጭ ጋዝ ተቀብቷል፤ ባሌ ነው። እፍኝ ነጭ ሽንኩርት በልቷል፤ እማማ ናቸው።"

በሩ ላይ ሦስት ትንፋሽ በአንድ ጊዜ ተሳበ።

"የኔም አለበት" አለች። "መንገድ ላይ እያዞረ ከሚሸጥ ሰው የቁንጫ ማሰሪያ ገዝቼ አንገቱ ላይ አስሬለታለሁ። ማንም እንዳያይ ፀጉሩ ውስጥ ደብቄ።" የስፌት መቀሷን ከሽርጧ ኪስ አውጥታ ማሰሪያውን ቆረጠችው።

ሐኪሟ ደግማ ጠየቀች።

"አራታችሁም በአንድ ውሻ ላይ?"

"አዎ።"

"ሳትመካከሩ?"

"ኧረ ተመካክረን ነው።"

ሐኪሟ አልሳቀችም። ጓንት አድርጊ አለቻት፣ በእቃ ማጠቢያ ሳሙና ደግመሽ እጠቢው፣ ራሱን እንዳይልስ በፎጣ ጠቅልይና የጣሳውን ጽሑፍ ፎቶ አንስተሽ አሁኑኑ ይዘሽው ነይ።

ዳኛ ሐኪሟ ጋ አደረ። በማግስቱ በእግሩ ተመለሰ፤ እርግጥ ቀጥ ብሎ መሄድ ገና አልሆነለትም፣ ሲጠጣ እንዳመሸ ሰው ግድግዳ ግድግዳውን ይዞ ነው የገባው። ልብስ ሰፊዋ ቤተሰቡን ሳሎን ሰበሰበች።

"ሐኪሟ ያለችውን ልንገራችሁ። እስኪያገግም ድረስ ማንም ምንም አይቀባውም። ሲያገግም በክብደቱ ልክ፣ ለውሻ ተብሎ የተሠራ ጠብታ እሷው ትሰጠዋለች፤ ጠብታው እስኪደርቅ ልጅቷ አትጠጋውም። እስከዚያ ቁንጫውን በማበጠሪያ እየለቀምን ሳሙና ውሃ ውስጥ ነው። የቀረው የቤት ሥራ ነው። የሚተኛበት ጨርቅ በፈላ ውሃ ይታጠባል፣ ምንጣፉ ወጥቶ ይራገፋል፣ የወለሉ ስንጥቅ ይጠረጋል፣ በሚቀጥለውም ቀን ይጠረጋል፣ ከዚያም። ውሻው ላይ የምናየው ጥቂቱን ነው፤ እንቁላሉ ያለው ወለሉ ላይ ነው።"

"እሺ" አሉ ሁሉም።

ምንጣፉን ለብቻዋ አወጣች። ሶፋውን ገፋች። የስፌት መኪናው ስር በጉልበቷ ተንበርክካ በጣውላዎቹ ስንጥቅ ውስጥ የተጠቀጠቀውን አቧራ በወፍራም መርፌ እየነቀሰች አወጣች፤ አቧራ፣ ፀጉር፣ ጠፋ ተብሎ የተረሳ ቁልፍ። አቧራውን ላስቲክ ውስጥ ቋጥራ ስትቀና ከግቢው የብረት ድምፅ ሰማች። ጭቅ፣ ጭቅ፣ ጭቅ። የሆነ ነገር አየር እየተሞላ ነው።

ሽማግሌው ወደ ግቢው በሚያስወጣው የሳሎኑ በር ብቅ አሉ። መርጫውን ጀርባቸው ላይ አዝለዋል፣ አፍንጫቸውን በጨርቅ አስረዋል፣ የመጋዘን ቦት ጫማቸውን ተጫምተዋል። ጡረታ ከወጡ ወዲህ እንዲህ ደስ ብሏቸው የታዩበት ቀን የለም።

"ራስሽ አይደለሽም? ወለሉ ላይ ነው አልሽ። ወለሉን ነዋ የምረጨው! ልጅቷን አንሺ።"

"አንስቼ የት ላድርጋት?"

"ጎረቤት ትቆይ። ሲደርቅ ትመጣለች።"

"ስትመጣስ? ይሄን ወለል በምላሷ ነው የምትጠርገው፣ አባባ።"

"እኛ በዚህ መድኃኒት መሃል ነው የኖርነው። ምን ሆንን?"

ባሏ ከኋላዋ መጥቶ ጆሮዋ ስር አንሾካሾከ። "እሺ በያቸው። አንቺ እሺ በይ፣ እኔ መርጫውን ማታ እደብቀዋለሁ። ሁልጊዜ እንዲህ አይደል የምናደርገው?"

እውነቱን ነው። መርጫው ይደበቃል። ሽማግሌው ዝም ብለው ሌላ ይገዛሉ፤ እሱን ደግሞ እማማ ይደብቁታል፤ ሽማግሌው ሦስተኛ ይፈልጋሉ። ማንም ማንንም አይጠይቅም፣ ማንም ከማንም አይጣላም። ከዚያ አንድ ጠዋት ሳፋው ውስጥ የምትንቀጠቀጠው ልጅቷ ትሆናለች።

"እምቢ" አለች።

ሽማግሌው ጨርቁን ከአፍንጫቸው ዝቅ አደረጉ። "ምን አልሽ?"

"እምቢ ነው ያልኩት። አይረጭም።"

"አንቺ!" አሉ አማትየዋ። "ለአባትሽ ነው እንዲህ የምትመልሺው? በይ ይቅርታ ጠይቂ!"

"ሲረጩ አይቼ ዝም ብል ነው ይቅርታ የምጠይቀው።"

"ለመሆኑ ይሄ ቤት የማን ነው?" አሉ ሽማግሌው።

"የእርስዎ ነው። አላልኩም የኔ። ወለሉ ላይ የምትድኸው ግን የኔ ልጅ ናት። ካልሆነም ልጄንና ውሻዬን ይዤ እወጣለሁ፤ ተደብቄ ሳይሆን እያያችሁኝ፣ የስፌት መኪናዬን አሸክሜ።"

ጎሚስታው እንደገና ጣሪያውን አየ። ሽማግሌው ምራታቸውን ከላይ እስከ ታች አዩ፣ ከታች እስከ ላይ አዩ። ቀስ በቀስ ፊታቸው ረጋ። ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"እሺ" አሉ።

ባሏ ትንፋሹን ለቀቀ። አማትየዋ "ተመስገን" ብለው ወደ ጓዳቸው ዞሩ። ልብስ ሰፊዋ ግን ከቦታዋ አልተነቃነቀችም። ያችን እሺ ታውቃታለች፤ በዚህ ቤት ራሷም እንደ ልብስ ለብሳት ኖራለች።

"እሺ አይበሉኝ፣ አባባ። የእርስዎን እሺ አውቀዋለሁ። ነገ ክር ልገዛ ስወጣ ነው የሚረጨው። ወይ ጣሳውን ይስጡኝ፣ ወይ ደግሞ እንደኔ እምቢ ይበሉኝ።"

"እምቢ!" አሉ ሽማግሌው።

ቃሉ ከአፋቸው ሲወጣ ራሳቸውም ደነገጡ። መንገድ እንደጠፋበት ሰው ቤቱን ዘወር ዘወር ብለው አዩት። አማትየዋ ከመንገዳቸው ተመለሱ።

"ጥሩ" አለች ልብስ ሰፊዋ። "አሁን ተግባባን። እርስዎም እምቢ፣ እኔም እምቢ።"

የሳሙናውን ውሃ በጎድጓዳ ሳህን ይዛ መጣች፣ ማበጠሪያውን አነሳች፣ የሳሎኑ በር ደፍ ላይ ቁጭ ብላ እግሯን ከጫፍ እስከ ጫፍ ዘርግታ መግቢያውን ዘጋች። ዳኛ እየተንገዳገደ መጥቶ ራሱን ጭኗ ላይ ጣለ። ማበጠር ጀመረች። ከጆሮው ስር አንዲት ቁንጫ ስትወጣ ሳህኑ ውስጥ ነከረቻት፤ ቀጠለች። ሽማግሌው መርጫውን እንዳዘሉ ውጭ ቆሙ። ፀሐዩ ከብዷል፣ ቦት ጫማውም ይሞቃል።

"እዚሁ ልትውዪ ነው?" አሉ።

"ሥራዬን ይዤ ነው የመጣሁት።"

"ደንበኛ ቢመጣስ?"

"በመስኮት እለካታለሁ።"

ከኋላ ልጅቷ እየዳኸች መጣች። የእናቷን እግር ተሻግራ ልትወጣ ስትል እናቷ በቀሚሷ ጫፍ ያዘቻት፤ እሷም እዚያው ሆና አያቷን አየችና ሁለት እጇን ወደ ላይ ዘረጋች። "ባ! ባ!" አለች። ሽማግሌው ሁሉን ረስተው ጎንበስ አሉ፤ እጃቸው ተዘረጋ፤ ፊታቸው ላይ ሳቅ መጣ። ጎሚስታውም ፈገግ አለ። እንዲህ እንዲህ ሲሆን ነው በዚህ ቤት ነገር ሁሉ የሚረሳው።

ልብስ ሰፊዋ ልጅቷን ወደ ራሷ ሳበቻት።

"መጀመሪያ እጅዎን ይታጠቡ፣ አባባ። በሳሙና።"

ሽማግሌው የተዘረጋ እጃቸውን አዩ። መዳፋቸውን ገልብጠው አዩት። ከጣታቸው አንድ ነገር ይሸታል፤ ያውቁታል፣ የመጋዘኑ ሽታ ነው። ልጅቷ ማልቀስ ጀመረች።

ቧንቧው ያለው ውስጥ ነው። ልብስ ሰፊዋ ማለፊያ እንዲያገኙ ጉልበቷን አጠፈች። ሽማግሌው አንድ እግራቸውን አነሱ፤ መርጫው እንደታዘለ ነው።

ጉልበቷን መልሳ ዘረጋችው።