ከመጨረሻው ምዕራፍ በፊት

«እነዚህንስ እንተዋቸው» አለች ባለሙያዋ፣ የዝውውሩ ዕቅድ የተዘረጋበትን ስክሪን በእስክሪብቶዋ ጫፍ እየጠቆመች። «ከዓመት በላይ ማንም ያልነካቸው ምልክቶች ናቸው። ባለቤቶቻቸውም ረስተዋቸዋል።»

«ተዪያቸው! ነገ ጠዋት እንገላገል» አለ ኃላፊዋ። ሻዩን እንኳ ቆሞ ስለሚጠጣ መሥሪያ ቤቱ «ቶሎ ቶሎ» የሚል ስም አውጥቶለታል። ይህን ሲልም በሩ ላይ ደርሶ ነበር።

ድረ ገጻቸው ማየት ለተሳናቸው ሰዎች በድምፅ የተቀረጹ መጻሕፍት ያቀርባል። አድማጩ ሲያቆም፣ ያቆመበትን ቦታ ሰርቨሩ ምልክት አድርጎ ይይዝለታል። አሮጌው ሰርቨር እርጅና ተጫጭኖት በየጊዜው ቀጥ ማለት ስላበዛ ሁሉም ነገር ወደ አዲስ ሊዛወር ነው። የቆዩት ምልክቶች ግን በድሮ አሠራር የተያዙ በመሆናቸው እንዳሉ ቢገለበጡ አዲሱ አያነባቸውም። መቀየሪያ ፕሮግራም መጻፍና መሞከር ያስፈልጋል። ባለሙያዋ ሰነፍ አይደለችም፤ ዕቅዷ አጭርና ንጹሕ ሲሆን ግን ደስ ይላታል።

ለምሳ አባቷ ቤት ሄደች። አባቷ ጡረታ የወጡ የከባድ መኪና ሾፌር ናቸው፤ የዓይናቸው ብርሃን ከጠፋ ዓመታት አልፈዋል። ገና ደረጃው ላይ ሳለች ጭቅጭቅ ሰማች።

«አትሸጠውም አልኩ፣ አትሸጠውም!»

«ትሸጠዋለች! እርስዎ የሰው ልብ ሁሉ በመሪ የሚዞር ይመስልዎታል» አሉ ጎረቤታቸው። እሳቸውም ማየት የተሳናቸው የቀድሞ አስተማሪ ናቸው።

«ምንድን ነው የሚሸጠው?» አለች ልጃቸው በሩን ከፍታ።

«ቤት» አሉ አባቷ። «አትደንግጪ፣ የኛ አይደለም። የመጽሐፉ ሴትዮ ናት የምትሸጠው።»

«ይኸው፣ ራስዎ ትሸጠዋለች አሉ!» ብለው አስተማሪዋ እየሳቁ ወደ ቤታቸው ሄዱ።

ነገሩን አባቷ ምሳ እየበሉ አስረዷት። ሁለቱ ጎረቤታሞች አንድ መጽሐፍ ይመርጡና በየስልካቸው ያዳምጣሉ። የመጨረሻው ምዕራፍ ደጃፍ ላይ ሲደርሱ ያቆማሉ። ከዚያ ፍጻሜው ላይ ይከራከራሉ፤ አንዱ ካልተረታ ማንም ወደፊት አይሄድም። ሁለቱም ደግሞ መረታት የሚባል ነገር አያውቁም።

«ይሄኛው ከቆመ ስንት ጊዜው ነው?»

«ኧረ ካቻምና ነው! ከሱ በፊት የቆሙም ሞልተዋል።»

ጠዋት «እንተዋቸው» ያለቻቸው ምልክቶች ትዝ አሏት። «አባዬ፣ ምልክቱ ቢጠፋብህስ?»

«ከመጀመሪያው ይጀምርብኛላ። ቦታውን ስፈልግ ደግሞ ሳላውቀው መጨረሻው ውስጥ ዘው እላለሁ። ቲቸር በሕይወት አይምሩኝም።» ሳቁና ውኃ ጠጡ። «ለነገሩ እኔም አዝናለሁ። ማየት ካቆምኩ ወዲህ ጠዋት ከአልጋዬ የሚያስነሳኝ ነገር እሱ ነው። ዛሬ ምን ብዬ ልርታቸው እያልኩ ነው የምነሳው።»

ወደ ቢሮ ስትመለስ አፍራ ነበር። የአባቷን ምልክቶች ብቻ በእጇ ልታስተካክል አሰበች፤ ቀላል ሥራ ነው፣ ማንም አያውቅባትም። ከፈተቻቸው። ከሥራቸው የማታውቃቸው ሰዎች ምልክቶች ተደርድረዋል፤ አንዱ መሐል ላይ ቆሟል፣ አንዱ ጫፍ ላይ። የትኛው እንደተረሳ፣ የትኛው ለነገ እንደተቀመጠ እዚህ ተቀምጦ ማን ያውቃል? የአባቷን ዘጋችና ወደ ኃላፊዋ ክፍል ገባች።

«ዝውውሩን በሳምንት እንግፋው።»

«ምን ሆንሽ? ነገ አልተባባልንም?»

«ተባብለናል። ግን ያሮጌዎቹ ምልክቶች ባለቤቶች አልረሷቸውም። ሁሉም መዛወር አለባቸው» አለችና የአባቷን ክርክር ነገረችው።

«ቶሎ ቶሎ» ሰምቶ ሲጨርስ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። «እኔ እኮ ፊልም የምጀምረው ከመጨረሻው ነው» አለ በመገረም። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ልትዪኝ ነው አይደል?»

«አላልኩም።»

«ባትዪም ገብቶኛል። በይ፣ ሳምንት ይሁን።»

ሳምንቱን መቀየሪያውን ስትጽፍ ሰነበተች። አውቶቡስ ውስጥ ደግሞ ያቺን ቤት ልትሸጥ የምታመነታ ሴትዮ ታሪክ ከመጀመሪያው ማዳመጥ ያዘች፤ የመጨረሻው ምዕራፍ ደጃፍ ላይ ስትደርስ እሷም አቆመች።

የሙከራው ቀን መጀመሪያ የአባቷን ምልክት ከፈተች፤ የት መቆም እንዳለበት በእርግጠኝነት የምታውቀው እሱን ነው። ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ አድርጋ ተጫነችው። አዲሱ ሰርቨር ትንሽ አሰበና የአንባቢው ድምፅ መጣ፦ «የመጨረሻው ምዕራፍ።»

ሥራው ተሳክቷል። ለሙከራ ከዚህ በላይ መስማት አያስፈልጋትም፤ ግን ጓጓች። አንባቢው ሊቀጥል ትንፋሽ ሲስብ ተሰማት። ማዳመጫውን ከጆሮዋ አወለቀችና አባቷ ዘንድ ደወለች።

«አባዬ፣ ምልክትህ ከነቦታው አለ።»

«ሰማሽው እንዴ? እንዳትነግሪኝ!»

«አልሰማሁም» አለች። «እኔ ግን ከቲቸር ጋር ነኝ፤ ትሸጠዋለች።»