የመስቀሉ በግ ሳንባ

አፀደ የበጉን የአየር ቧንቧ ከንፈሯ ላይ ገጥማ እፍ አለች። ትሪው ላይ ተልፈስፍሶ የነበረው ሳንባ ቀስ እያለ ተነፋ። ስትለቀው ተመልሶ ሟሸሸ።

"ሴትዮ፣ እንግዳ እየመጣ በሳንባ ትጫወቻለሽ?" አለ ባሏ ወልዱ። ይህችኑ ተናግሮ ቁና ቁና ተነፈሰ።

"ያንተ የቱ ጋ እንደሚታፈን ልይ ብዬ ነው።"

ወልዱ የሽሮ ሜዳ ሸማኔ ነው። ለመስቀል አገሩ ዶርዜ ሳይገባ ሲቀር ዘንድሮ የመጀመሪያው ነው፤ ዳገቱን አልችለውም አለ። እግሩ አብጧል። እሱን ብትጠይቁት ጥፋቱ የሽመናው ጉድጓድ ነው፤ ዕድሜ ልኩን እግሩን የሰደደበት ብርድ። ሐኪሙ ግን ልብህ ደክሟል ብሎ የሚያሸና ኪኒን አዘዘለት። ሳምንት ሳይሞላው ተወው። ከጉድጓድ እየወጡ ጎረቤት ሁሉ ወደሚጠቀምበት ሽንት ቤት መሮጥ ሸማ አያሠራም። ዛሬ ደግሞ የአገሩ ልጆች ሊመጡ ነው፤ አባወራ በየደቂቃው ሲወጣ ሲገባ ምን ይላሉ? ይሉኝታ ክፉ ነው። ለሚስቱማ እየዋጥኩ ነው ይላታል።

ጎረቤታቸው ሲስተር ኡመይማ፣ የጤና ጣቢያዋ ነርስ፣ እንኳን አደረሳችሁ ልትል ገባች። አፀደ ትሪውን ወደ እሷ ገፋች።

"እስቲ ሲስተር፣ ልብ እዚህ፣ እግር እዚያ። ልብ ሲደክም እግር ምን አገባው?"

"ሥጋችሁን አልበላም እንጂ መንካት ማን ከለከለኝ!" ኡመይማ ሳቀችና እጅጌዋን ሰበሰበች። ልቡን ጨመቅ ስታደርገው የቀረ ደም ከወፍራሙ የደም ሥር ፊን ብሎ ወጣ። "ይኼ ገፊ ነው። ሲደክም ደሙን ገፍቶ አይጨርስም፤ ከኋላ የሚመጣው ይጠራቀማል። ውሃው ሳንባ ውስጥ ገብቶ ያፍናል፣ እግር ላይም ይወርዳል።"

"ኩላሊትስ?" አፀደ ለጥብስ ያስቀመጠችውን አነሳች።

"የሚደርሰው ደም ሲያንስ ውሃ የጠፋ ይመስለውና ሽንቱን ይይዛል። በእብጠት ላይ ውሃ! ኪኒኑ 'ልቀቅ' የሚለው እሱን ነው።"

"እና... ማለቴ፣ ኪኒኑን የተወ ሰው ምን ይሆናል?" አለ ወልዱ።

"ጋደም ብሎ መተንፈስ ያቅተዋል፣ ጋሼ ወልዱ። ሲብስም ይሞታል።"

አፀደ ባሏን ትክ ብላ አየችው። ሰሞኑን ትራስ ደራርቦ ነው የሚያድረው። "አንተ! እየዋጥክ አይደለም እንዴ?"

ወልዱ ፈራ። ዓይኑ ግን ከሳንባው አልተነቀለም። "እስቲ ድገሚው" አላት።

አፀደ ነፋች። እሱም ደረቱን ይዞ አብሮ አየር ሊስብ ሞከረ። የበጉ ሞላ፤ የእሱ ግማሽ መንገድ ላይ ሳል ሆነ። ከኮቱ ኪስ ኪኒኑን አወጣ።

"አንድ ብቻ፤ ያለፈውን አይደርቡ" አለች ኡመይማ። "ነገ በጠዋት ደግሞ ጤና ጣቢያ ይምጡ፣ እጠብቅዎታለሁ።"

እንግዶቹ ሲገቡ ወልዱን በሩ ሥር በርጩማ ላይ ተቀምጦ አገኙት።

"አባወራ በር ላይ?" አለ ከፊት የገባው ቶማስ። "ወደ ላይ ከፍ በል እንጂ!"

"ሽንት የሚያመላልስ መድኃኒት ውጫለሁ" አለ ወልዱ፣ ሁሉም እንዲሰሙት ጮክ ብሎ። "የላዩን ቦታ አንተ ተቀመጥበት።"